ባለቤት የሌለው ቤት፦ ስለ ዘረፋ፣ ስለ ገኒማ እና ስለ መርጡለ ማርያም ፍርስራሽ



ባለፈው ረመዳን ከተራዊሕ ሰላት በኋላ ነው። ልጆቻችን ሰላቱ እንዳለቀ ቶሎ ወደ ቤት አይሄዱም። የመስጂዱን ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ያወጣሉ። ኔትወርክ ካለ ፐብጂ ይጫወታሉ፣ ከሌለ ደግሞ ትናንት ማን ማንን እንደገደለ ይከራከራሉ። ጨዋታውን የማታውቁ ካላችሁ እንንገራችሁ። መቶ ሰው ከአውሮፕላን በፓራሹት ወደ አንድ ደሴት ይወርዳል፤ ሲወርድ ባዶ እጁን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ በየቤቱ እየገባ መሣሪያ፣ ጥይት፣ መድኃኒትና ቦርሳ መሰብሰብ ነው። ይህን «ሉት ማድረግ» ይሉታል። የሞተ ሰው ዕቃም እዚያው ሳጥን ሆኖ ይቀራል፤ ቀድሞ የደረሰ ይወስደዋል።

የዚያን ቀን አንዱ ልጅ ቤት ለቤት ሲሮጥ ሌላው ከጀርባው ሆኖ «ኢማም አሕመድም መርጡለ ማርያምን እንዲህ ነው ሉት ያደረጓት!» አለና ሁሉም ሳቁ። እኛም ፈገግ ብለናል፤ አንዋሽም። ቀልዱ ግን እዚያ አልቀረም። በማግስቱ በፍርስራሹ ፎቶ ላይ ተጽፎ በክፍላቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ወጣ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠው ክርስቲያን ጓደኛው እዚህ ልንደግመው የማንፈልገውን መልስ መለሰለት። ሁለቱ መነጋገር አቆሙ። አባቶቻቸው ጎን ለጎን ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ሱቁን ይጠብቅለታል፤ የሁለቱም ልጆች ከሁለቱም ሱቅ ከረሜላ በልተው ነው ያደጉት። አሁን ግን ጠዋት ሲከፍቱ ሰላምታው ቀዝቅዟል።

ስለዚህ ኪታቦቻችንን አወጣን። ይህ ጽሑፍ ለልጁ ቁጣ አይደለም፤ ታሪኩን እኛም በቅጡ ስላልነገርነው ነው።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው አንድ ነገር እንበል። ጨዋታ ሐራም ነው ሐላል ነው የሚለውን ዛሬ አንነካውም፤ እሱ ራሱን የቻለ ደርስ ነው። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ከሆነ በዚያ ደሴት ላይ ስንት ቤት አለ! አልጋ አለ፣ ወንበር አለ፣ ማድ ቤት አለ። ሰው ግን የለም። በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ «ማነው?» የሚል እናት የለችም። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ባለቤቶቹን አስቀድመው ስላስወጡልን እጃችን ሳይንቀጠቀጥ እንወስዳለን። በኮምፒውተር የሚጫወቱት ደግሞ «ሚዲቫል ቱ ቶታል ዎር» የሚባል እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጨዋታ ያውቁ ይሆናል። ከተማ ስትይዙ ሦስት ምርጫ ይመጣላችኋል፤ መያዝ፣ መዝረፍ፣ መጨፍጨፍ። «መዝረፍ» የሚለውን ስትነኩ ግምጃ ቤታችሁ ውስጥ ያለው የወርቅ ቁጥር ዘለል ይላል፤ የሕዝቡ ቁጥር ዝቅ ይላል። በቃ፣ ቁጥር ነው።

ከዚህ የተለየ አንድ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ዲስ ዎር ኦፍ ማይን» የሚባለው የፖላንዶች ጨዋታ ነው። ሐሳቡን የወሰዱት ከሳራዬቮ ከበባ ነው፤ ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ለዓመታት በረሃብና በጥይት ከተከበቡበት ከተማ። በዚህ ጨዋታ እናንተ ወታደር አይደላችሁም፤ በፈረሰ ቤት የተጠለላችሁ ተራ ሰዎች ናችሁ። ሌሊት ወጥታችሁ ምግብ ትፈልጋላችሁ። ከምትገቡባቸው ቤቶች አንዱ የሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ቤት ነው። መድኃኒታቸውንና ምግባቸውን መውሰድ ትችላላችሁ፤ የሚከላከል ጉልበት የላቸውም። ወስዳችሁ ስትመለሱ ግን የላካችሁት ሰው ያዝናል፣ ይተክዛል፣ ሥራ እምቢ ይላል። አንድ ወንድማችን ይህን ተጫውቶ ሲነግረን «ኡስታዝ፣ ጨዋታ ነው ብዬ ራሴን ባሳምንም ሁለተኛ ወደዚያ ቤት አልሄድኩም» አለን። እዚያ ቤት ውስጥ ባለቤት ነበረበትና።

አሁን ወደ መርጡለ ማርያም ቤት እንግባ። ባለቤቷ ማን ነበረች?

ሴትዮዋ ንግሥት እሌኒ ናቸው። ብዙ ወጣት የማያውቀው ነገር እሌኒ የሐድያ ገራድ ልጅ መሆናቸው ነው። የሙስሊም ገዥ ልጅ ናቸው ማለት ነው። ለአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተድረው ክርስትና ገቡ። ከዚያ በኋላ በተከታታይ ነገሥታት ዘመን በቤተ መንግሥቱ ቃላቸው የሚሰማ ሴት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1508 አፄ ናዖድ ሲሞቱ ልብነ ድንግል ገና ልጅ ስለነበር አገሩን በእንደራሴነት ያስተዳደሩት እሳቸው ነበሩ። ጎጃም ውስጥ ሰፊ ግዛት ነበራቸው፤ መርጡለ ማርያምንም ያሠሩት በዚሁ ዘመን ነው። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አገራችን በቆየበት ጊዜ የሰማውን ጽፏል። ፔሮ ዳ ኮቪልያ የተባለው፣ ኢትዮጵያ ገብቶ እንዳይወጣ የተከለከለው ፖርቱጋላዊ፣ የንግሥቲቱን ቤተ ክርስቲያን መንበር እንዲያሳምር ተጠርቶ እንደነበር፣ መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ እንደተሞላ ይናገራል። እሌኒ እ.ኤ.አ. በ1522 አካባቢ ሞቱ፤ ጦርነቱን አላዩም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያ ወርቅ ተዘረፈ፣ ቤቱም ተቃጠለ።

እንግዲህ ያ በፎቶው ላይ የተቀለደበት ፍርስራሽ በሙስሊም አባት ቤት የተወለደች ሴት ያሠራችው ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ዝም አሉ። ይህንን ያነሳነው «የእኛ ናት» ለማለት አይደለም፤ የዚህ አገር ቤቶች ባለቤት በአንድ ቃል እንደማይነገር ለማሳየት ነው።

(ዛሬ ቆመው የምናያቸው ጽጌረዳ የተፈለፈለባቸው ድንጋዮች በአብዛኛው ከእሌኒ ዘመን በኋላ፣ በ1620ዎቹ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን በዚያው ቦታ ካሠሩት ሕንፃ የቀሩ ናቸው። እሱም ፈረሰ። ይህች ቦታ ስንት ጊዜ ፈርሳ ስንት ጊዜ እንደተሠራች ማየት ነው።)

ስለ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ከእኛው ወገን የተጻፈ መጽሐፍ አለ፤ ፉቱሕ አል-ሐበሻ። ጸሐፊው ሺሃቡዲን አሕመድ ነው፤ ዐረብ ፈቂህ እየተባለ ይታወቃል፣ የጂዛን ሰው ነው። ዛሬ የምናገኘው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህን መጽሐፍ ሳያነብ ይጠቅሰዋል፤ ሙስሊሙ ለፉከራ፣ ክርስቲያኑ ለክስ። ያነበበው ግን ሁለቱንም የማያስደስት ነገር ያገኛል።

አንደኛ፣ ዘረፋውን የጀመረው አንድ ወገን እንዳልሆነ ያያል። መጽሐፉ ገና ከመግቢያው የአፄ ልብነ ድንግል የጦር አለቃ ደገልሃን ወደ አዳል ምድር ወርዶ ሰውና ከብት ነድቶ ሲመለስ፣ ኢማሙ ተከትለው ደርሰው ምርኮውን እንዳስጣሉት ይተርካል። ያ እ.ኤ.አ. በ1527 ነው። በሁለቱም በኩል የዘመቻ ትርፍ ማለት ከብት፣ ሰው፣ ልብስና ወርቅ ነበር። ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ ደመወዙ የሌላው ቤት ነበር።

ሁለተኛ፣ ጸሐፊው የእኛን ወገን ዘረፋ ሳይደብቅ፣ እንዲያውም እየተደነቀ ይነግረናል። በ1531 እ.ኤ.አ. በዛሬው ደቡብ ወሎ የነበረችው መካነ ሥላሴ ስትያዝ ያለውን ክፍል ደግመን ደጋግመን አንብበነዋል። አፄ ናዖድ የጀመሯት፣ ልጃቸው የፈጸሟት፣ በወርቅና በብር ገበታ የተለበጠች ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ኢማሙ ገብተው ሲያዩ ተገረሙ። አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች በሩምም ሆነ በህንድ እንዲህ ያለ አይተው ያውቁ እንደሆን ጠየቁ፤ እነሱም አላየንም አሉ። ከዚያ ወታደሩ በመጥረቢያ ገባበት። ከግድግዳው ወርቁን እየላጠ ሁሉም እስኪጠግብ ወሰደ። ከዚያ እሳት ተለቀቀበት፤ ከወርቁ ከሲሶ በላይ የሚሆነው ከሕንፃው ጋር ተቃጠለ ይላል።

ይህንን ስናነብ ልባችን ላይ የቀረው ጥያቄው ነው። መሪው ያደነቀውን፣ ዓለም ላይ የለም የተባለለትን ነገር፣ በዚያው ቀን በመጥረቢያ። ጸሐፊው ጥያቄውን ጻፈ፣ መጥረቢያውንም ጻፈ፤ በመሃላቸው ምን እንዳለ ግን አልተናገረም።

አሁን ፊቅሁ ምን ይላል? እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡን፤ ወጣቶቻችን «ገኒማ ሐላል ነው» የሚለውን ግማሽ ዐረፍተ ነገር ይዘው ይሮጣሉና።

ሱረቱል አንፋል የወረደችው ከበድር ዘመቻ በኋላ፣ በሁለተኛው ዓመተ ሂጅራ ነው። ምክንያቷም ጠብ ነበር። ድል ከተገኘ በኋላ ምርኮው ለማን ነው በሚል ሶሓቦች ተለያዩ። እነዚያ የበድር ሰዎች ናቸው! አላህ (ሱ.ወ) የመለሰላቸው መልስ ከሁሉ አስቀድሞ ዕቃውን ከእጃቸው የሚያስወጣ ነው፤ ምርኮው የአላህና የመልእክተኛው ነው፣ እናንተ አላህን ፍሩ፣ በመካከላችሁ ያለውን አስተካክሉ የሚል ትርጉም ያለው። ክፍፍሉ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አንድ አምስተኛው ለአላህ፣ ለመልእክተኛው፣ ለቅርብ ዘመድ፣ ለየቲም፣ ለሚስኪንና ለመንገደኛ፤ የቀረው ለተዋጊው። እስኪከፋፈል ድረስ ግን ማንም መርፌና ክር እንኳ መንካት የለበትም። ከዚያ የነካ ሰው ሥራው «ጉሉል» ይባላል፤ በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ዛቻው ከባድ ነው።

ስለ ጉሉል ከመጡት ሐዲሶች እኛን ሁልጊዜ የሚያስፈራን የኸይበሩ ነው፤ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ከኸይበር ሲመለሱ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አገልጋይ የነበረ ሰው ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ቀስት ተመታና ሞተ። ሰዎች ሸሂድ ሆነ፣ ጀነት ይግባለት ብለው ደስ አላቸው። ነቢዩ ግን ሳይከፋፈል ከምርኮው የወሰዳት ካባ እሳት ሆና እየነደደችበት መሆኑን ማሉ። ይህን የሰማ አንድ ሰው ሄዶ የጫማ ጠፍር ይዞ መጣ። አንድ ወይም ሁለት የጫማ ጠፍር! እሱም የእሳት ጠፍር ነው ተባለ። እንግዲህ ከነቢዩ ጋር የዘመተ፣ በዘመቻ ላይ የሞተ ሰው በአንዲት ካባ ይህ ከደረሰበት፣ በስልኩ ላይ «ሉት» እያለ ስለ ወርቅ የሚቀልድ ልጃችን ቢያንስ የሚቀልደው በምን ላይ እንደሆነ ይወቅ።

ሁለተኛው ሐዲስ በአቡ ዳውድ ያለው ነው። በአንድ ጉዞ ላይ ሰዎቹ ክፉኛ ተራቡ። በግ አገኙና ተሻምተው ወሰዱ፣ አርደው ድስት ጣዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቀስታቸው ተደግፈው መጡ፤ ድስቶቹን በቀስቱ ገለበጧቸው፣ ሥጋውንም ከአፈር ጋር ለወሱት። በዘረፋ የተገኘ ከበክት የተሻለ ሐላል አይደለም አሉ። ልብ በሉ፤ ሰዎቹ የተራቡ ናቸው፣ ሥጋውም በስሎ ነበር።

ሦስተኛውን የጎጃም ሰው ቢሰማው ይወደዋል ብለን እናስባለን። አቡበክር (ረ.ዐ) ጦር ወደ ሻም ሲልኩ ለአዛዡ ለየዚድ ኢብን አቢ ሱፍያን የሰጡት ትእዛዝ በኢማም ማሊክ ሙወጣእ ውስጥ አለ። ሴት፣ ሕፃን፣ ሽማግሌ እንዳይገድሉ፤ ፍሬ ያለው ዛፍ እንዳይቆርጡ፤ ሰው የሚኖርበትን እንዳያፈርሱ፤ ለመብል ካልሆነ በግና ግመል እንዳያርዱ፤ ንብ እንዳያቃጥሉ፣ እንዳይበትኑም፤ ከምርኮ እንዳይሰርቁ። ራሳቸውን በገዳም ለአምልኮ የሰጡ ሰዎች ታገኛላችሁ፤ እነሱንም ራሳቸውን የሰጡለትንም ተዉ። የማር አገር ሰው የንብ ቀፎ ሲቃጠል ምን እንደሚመስል ያውቃል። ኸሊፋው በመዲና ሆነው ቀፎውን አሰቡት።

ታዲያ የመካነ ሥላሴው ገኒማ ነው ወይስ ዘረፋ? አዛዥ «የወሰደ የራሱ ነው» ማለት ይችላል ወይ በሚለው ላይ ፉቀሃዎች ተለያይተዋል፤ ስለዚህ በአንድ ቃል ሐራም ሠሩ ብለን መፍረድ የእኛ ደረጃ አይደለም። ፉቱሕም በሌሎች ቦታዎች ምርኮ መከፋፈሉን ይጽፋል። ነገር ግን ሲሶው የተቃጠለ ወርቅ የየትኛው የቲም ድርሻ ሆነ? የትኛው መንገደኛ በላው? ይህን መጠየቅ ኢማሙን መጥላት አይደለም። ከነቢያት በቀር ማእሱም የለም፤ ይህንን በአቂዳ ደርስ ላይ የምናስተምር ሰዎች በታሪክ ደርስ ላይ ስንደርስ ልንረሳው አይገባም። ሐበሾችን እስካልነኳችሁ አትንኩ የሚለውን ሐዲስ ሁላችሁም በቃል ስለምታውቁት አንደግመውም።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ዑመር (ረ.ዐ) ኢራቅ ስትያዝ ብዙዎቹ ተዋጊዎች መሬቱ እንደ ገኒማ እንዲከፋፈል ፈለጉ። እሳቸው እምቢ አሉ። ለሚመጣው ትውልድ ምን ይቀራል አሉ፤ መሬቱ በገበሬው እጅ ቀርቶ ግብር እንዲከፍል ሆነ። ከዚያም ዲዋን አቋቋሙ፤ የወታደሩ ስም በመዝገብ ተጻፈ፣ ደመወዙ ተቆረጠ። ወታደር ደመወዝ ካገኘ የሰው ቤት የሚገባበት ምክንያት ይቀንሳል። ይህ በሰባተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የታሰበ ነገር ነው፤ አገራችን ግን እስከ ቅርብ ጊዜ አልደረሰበትም።

ምክንያቱም በእኛ አገር ወታደር ሲያልፍ ገበሬው ቤቱን ይለቅ ነበር። የጠላት ወታደር ብቻ አይደለም፤ የራሱም ንጉሥ ወታደር በየገበሬው ቤት ተደልድሎ ይቀመጣል፣ የበሬውን ይበላል፣ የጎተራውን ይጨርሳል። አፄ ቴዎድሮስ መጀመሪያ ይህን ለማስቀረት አስበው ነበር። ለወታደሩ ደመወዝ ለመስጠት ሞከሩ፣ ገበሬው ይረስ ነጋዴው ይነግድ አሉ። ግን ገንዘብ ከየት ይምጣ? ብርሃኑ ዘሪሁንም፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅንም፣ የእኛው የጎጃሙ አቤ ጉበኛም ስለሳቸው ጽፈዋል፤ ወጣቱ ሲያስታውሳቸው የሚያስታውሰው በመቅደላ ሽጉጣቸውን ሲጠጡ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1866 ጎንደርን እንዳስዘረፉና እንዳቃጠሉ የሚያስታውሰው ግን ትንሽ ነው። የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት ተጭነው የሄዱት በክርስቲያን ንጉሥ ትእዛዝ ነው። መጨረሻቸው መቅደላ ሆነ።

ከዚያ የመቅደላው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 13 ቀን 1868 መጣ። እንግሊዞች አምባውን ያዙ፣ ዘረፉ። የተዘረፈውን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ሁለት መቶ የሚጠጋ በቅሎ አስፈለገ። ደላንታ ሜዳ ላይ ሲደርሱ ሚያዝያ 20 እና 21 ጨረታ አደረጉ፤ ወታደሩ ያመጣው ሁሉ ተሰብስቦ ተሸጠ፣ የተገኘው አምስት ሺህ ፓውንድ ገደማ ለተራው ወታደር ተከፋፈለ። ከዋናዎቹ ገዥዎች አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ ነው። ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ 11 ታቦት አለ፤ ለማንም አይታይም። ይህንን ከፊቅህ ዓይን ስናየው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። እንግሊዞች ሰበሰቡ፣ ሸጡ፣ አከፋፈሉ፤ ሥርዓቱ አለ። ነገር ግን የዕቃው ባለቤት ቴዎድሮስ እንኳ አልነበሩም፤ የጎንደር ሰው ነበር። ሥርዓት ያለው ክፍፍል የሌባን ዕቃ ንጹሕ አያደርገውም። የሰባት ዓመቱ ልጃቸው አለማየሁም አብሮ ተወሰደ፤ በ18 ዓመቱ እዚያው እንግሊዝ ሞተ። እሱን በየትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደጻፉት አላህ ይወቅ።

ወደ ጎጃም እንመለስ፤ ታሪኩ የሚመርረው እዚህ ነውና።

በጥር 1887 እ.ኤ.አ. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ወደ መተማ ወርደው የመህዲስቶችን ጦር ድል አደረጉ፤ አዛዡ ወድ አርባብ ተገደለ፣ ከተማይቱም ተዘርፋ ተቃጠለች። መተማ የገበያ ከተማ ናት፤ ነጋዴዎቿ በአብዛኛው ሙስሊሞች ነበሩ። ልክ በዓመቱ፣ በጥር 1888፣ ሐምዳን አቡ ዐንጃ የሚመራው የመህዲስት ጦር መጣ። ሣር ውሃ ላይ የተክለ ሃይማኖት ጦር ተሸነፈ። ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናቷ ተቃጠሉ፣ ሴቶችና ሕፃናት ተነድተው ወደ ኦምዱርማን ሄዱ። ምርኮው በይተል ማል ገባ፤ በይተል ማል የሚባል ሰፈር ዛሬም ኦምዱርማን ውስጥ አለ። ያደረጉት ሰዎች «ላ ኢላሀ ኢለላህ» የሚሉ ሰዎች ነበሩ። ይህንን መጻፍ ይከብዳል፤ ግን ካልጻፍነው የመተማውን ስንጽፍ ማን ያምነናል?

ታሪኩ እዚያም አላበቃም። አፄ ዮሐንስ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከእኔ ከድተው ከምኒልክ ጋር ተማክረዋል ብለው ጠርጥረው በ1888 መጨረሻ ወደ ጎጃም ዘመቱ። ሰራዊታቸው ጎጃምን አጠፋ። የጎጃም ገበሬ በዓመት ውስጥ ንጉሡ ተሸንፎ፣ ቀጥሎ በራሱ ሃይማኖት ንጉሠ ነገሥት ወታደር ተዘረፈ ማለት ነው። በዚያው ወቅት የከብት በሽታው ገባ፣ ክፉ ቀን መጣ። በጎተራ እህል የነበረው ሰው ክፉ ቀንን በትንሹም ቢሆን ይቋቋመው ነበር። ጎተራው ግን ቀድሞ ባዶ ሆኗል። ዮሐንስ ከጎጃም ወደ መተማ ሄዱ፤ በመጋቢት 1889 እዚያው ቆሰሉና ሞቱ።

የወሎ ሙስሊም አያቶቻችን ስለ ዮሐንስ የሚነግሩን ሌላ ነገር አለ፤ የቦሩ ሜዳው። የጎጃም ክርስቲያን ሽማግሌ ደግሞ ይህን ይነግራል። ሁለቱን አንድ ላይ ያስቀመጠ መድረክ ብዙም አላጋጠመንም።

ምኒልክ ከክፉ ቀን በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1892፣ ወታደሩ በገበሬው ቤት መደልደሉ ቀርቶ ገበሬው አሥራት እንዲሰጥና ከዚያ ስንቅ እንዲሰፈር አዘዙ። ሁሉም ቦታ አልተፈጸመም፤ ግን ሐሳቡ የዑመርን ዲዋን ያስታውሰናል። ዛሬ በዓለም ሕግ የጄኔቫ አራተኛው ስምምነት ዘረፋን በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ይከለክላል፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የወጣ ነው፣ አገራችንም ተቀብላዋለች።

ከተቀበለች በኋላ የሆነውንም ሁላችሁ ታውቃላችሁ። ከ2020 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. በነበረው ጦርነት ትግራይ ውስጥ የነጃሺ መስጂድ በመድፍ ተመታ፣ ከዚያም ተዘረፈ። ደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ከነመሣሪያው ተራቁቶ ቀረ። ኮምቦልቻ የእርዳታ እህል መጋዘን ተዘረፈ። ፍራሽ፣ ምጣድ፣ የልጅ ጫማ ሳይቀር ተጭኖ ሲሄድ ያዩ ሰዎች አብረውን አሉ። ዛሬ በዞናችን ስላለው ሁኔታ እዚህ አንጽፍም፤ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ልጆቹን በተመለከተ፣ ከዒድ በኋላ አንድ ቀን ሁለቱንም ይዘናቸው ወደ ፍርስራሹ ሄድን። አባቶቻቸውም ፈቅደዋል። አንድ አዛውንት በር ላይ ተቀምጠው ነበር። የእኛን ኮፍያ ዓይተው ትንሽ ዝም አሉና «የማን ልጆች ናቸው?» አሉ። የአባቶቻቸውን ስም ስንነግራቸው ሁለቱንም ሱቅ አወቁት። «ግቡ እንጂ ልጄ፣ ውጭ ምን ያቆማችኋል» አሉን።

ልጆቹ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለውን አበባ በጣታቸው እየነኩ ሄዱ። ያ የቀለደው ልጅ አንዱን ድንጋይ ለማንቀሳቀስ ገፋ አደረገው፤ ንቅንቅ አላለም። አዛውንቱ ከኋላ ሆነው ሳቁ። «እሱንማ ማንም አልቻለው፤ ለዚህ ነው የቀረልን» አሉ። ሁለቱ ልጆች ተያይተው ሳቁ። ሲመለሱ ወደ ኋላ ቀርተው ሲያወሩ ሰማናቸው፤ ስለ ፐብጂ ነበር።